የኅዳር ደቦ



እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልብ ወለድ ጀምሮ ያቆመ ሰው እጁን ያውጣ ብል ብዙ እጅ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስገባ በር ላይ ካነጋገርኳችሁ መካከል አራታችሁ ነግራችሁኛል። አንዱ ሦስት ምዕራፍ ላይ ቆሟል። አንዷ ደግሞ አንድ ገጽ ተኩል ጽፋ፣ ያችኑ አንድ ገጽ ተኩል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታርም ኖራለች። ይህንን ስትነግረኝ ልቤ ተነካ፤ ምክንያቱም እኔም አሥራ አንድ ዓመት በዚያው መንገድ ላይ ነበርኩ። ደብተር እገዛለሁ፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ አላምር ይለኛል፣ ገጹን እቀድዳለሁ። ደብተሩ እየሳሳ ሄዶ ለልጆቼ የሒሳብ መለማመጃ ይሆናል።

ዛሬ የቆምኩት ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ያደረግሁትን ልነግራችሁ፣ የዘንድሮውን ኅዳር ደግሞ አብረን እንድንይዘው ልለምናችሁ ነው። በሠላሳ ቀን አንድ ልብ ወለድ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። ረቂቁን ማለቴ ነው።

ሐሳቡ ከሩቅ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999፣ በጁላይ ወር፣ ክሪስ ቤቲ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያሉ ወዳጆቹን ሰብስቦ፣ በአንድ ወር ውስጥ እያንዳንዳችን አንድ ልብ ወለድ እንጻፍ አላቸው። ራሱን ጨምሮ 21 ሰዎች ነበሩ። ልኩን 50,000 ቃል አደረጉት፤ መደርደሪያው ላይ ካሉት ልብ ወለዶች አጠር ያለውን አንሥቶ በግምት ቆጥሮ ነው እዚያ ቁጥር ላይ የደረሰው። በሚቀጥለው ዓመት ወሩን ወደ ኖቬምበር አዛወሩት፤ ኖቬምበር እዚያ ዝናቡና ጭጋጉ ሰውን ቤት የሚያውልበት ጊዜ ነው። 140 ሰው መጣ። በሦስተኛው ዓመት 150 ያህል ሲጠብቁ 5,000 ሰው ተመዘገበ። ናኖራይሞ የሚል አጭር ስም ወጣለት፣ ድርጅት ሆነ፣ በኋላም በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከብዙ አገር ይሳተፉበት ጀመር። ሣራ ግሩን የተባለች ደራሲ በ2006 ያሳተመችውና በኋላ ፊልም የሆነው መጽሐፏ በዚህ ወር የተረቀቀ ነው። ኤሪን ሞርገንስተርን በ2011 ያወጣችው ልብ ወለድም ጅማሬው እዚያው ነው፤ እሷ ግን ከረቂቁ በኋላ ለዓመታት ደጋግማ ጽፋዋለች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ድርጅቱ ዛሬ የለም። በገንዘብ ተዳከመ፣ በወጣት ተሳታፊዎቹ ደኅንነት ጉዳይ ቅሬታ ተነሣበት፣ በ2024 ደግሞ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰጠው መግለጫ ብዙ ደራስያንን አስቆጥቶ፣ በ2025 ማርች መጨረሻ ላይ መዘጋቱን አስታወቀ። ድርጅቱ ሲዘጋ ወሩ አልተዘጋም። ወር የማንም ንብረት ስላልሆነ እኛም ልንወስደው እንችላለን።

እንውሰደው ስል ግን እንዳለ ገልብጠን አይደለም። ሁለት ነገር ወደ ራሳችን ልክ ማምጣት አለብን፤ ወሩንና ቁጥሩን።

ወሩን በተመለከተ ከማንም ይልቅ የታደልን እኛ ነን። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁልጊዜ ሠላሳ ቀን ነው፤ 31 የለ፣ 28 የለ። ኅዳርን የመረጥኩት ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ከሁሉ በላይ ግን የአጨዳ ወር ስለሆነ ነው። ያደግሁት ገጠር ነው። አባቴ በኅዳር ደቦ ሲጠራ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሰው በጭጋጉ ውስጥ ማጭዱን ይዞ ይመጣ ነበር። ሁሉም መስመሩን ይይዛል። የጎረቤቱን መስመር ማንም አያጭድለትም፤ ነገር ግን ግራና ቀኙ ሰው እያጨደ ጎኑን አሳርፎ የሚቆም የለም። ማጭዱ ሲዶለዱም የሚስል ሰው አለ፣ ጠላ የምታቀርብ ሴት አለች፣ ዘፈን የሚያወጣ አለ። ብቻውን ሳምንት የሚፈጅበት ማሳ በአንድ ቀን ያልቃል። ልብ ወለድም እንደዚያ ነው የሚያልቀው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ማታ የምናገረውም በሙሉ እዚህችው ላይ ነው የሚያርፈው።

ቁጥሩን ደግሞ እንዲህ ነው ያየሁት። 50,000 ቃል ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን 1,667 ይሆናል። ይህ ግን የእንግሊዝኛ ቃል ነው። የእኛ ቃል ጭነቱ ሌላ ነው። «እንዳልነገርኳቸው» የሚለውን ተመልከቱ። አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ተናጋሪው አለ፣ የሚነገራቸው ሰዎች አሉ፣ አለመሆኑ አለ፣ ማያያዣው አለ፣ ጊዜው አለ። እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት ስድስት ቃል ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ ጥቂት የእንግሊዝኛ ገጾችን ወደ አማርኛ መልሼ በእጄ ቆጠርኩ። የእኔ አማርኛ የእንግሊዝኛውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሆኖ ወጣ፤ አንዳንዱ ገጽ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ለራሴ 30,000 ቃል ቆረጥኩ። በቀን አንድ ሺህ። የእኔ ደብተር፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ገጹ 170 ቃል ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ስድስት ገጽ ማለት ነው። ስድስት ገጽ ሲባል ሰው አይደነግጥም። ሠላሳ ሺህ ሲባል ግን ይደነግጣል፤ ሥራው ግን ያው አንድ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ይህንን ላደርግ ነው ስል፣ የማከብራቸው አንድ አንጋፋ አንባቢ፣ «ልጄ፣ ልብ ወለድ እኮ እንጀራ አይደለም፤ በችኮላ የተጻፈ ነገር ምን ጣዕም ይኖረዋል?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። በዚህ አገር መጽሐፍን የምናከብር ሰዎች ነን። ቁም ጸሐፊው ብራና ላይ ከተሳሳተ በቢላ ፍቆ ነው የሚያርመው፤ ብራናው ደግሞ አንድ ፍየል ነው። ከዚያ የወረስነው ልማድ፣ ቃል ወረቀት ላይ ከማረፉ በፊት ጭንቅላት ውስጥ ማለቅ አለበት የሚል ነው። ከዚህም ላይ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ። እሱን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ተራ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የሚደፍረው? የእኔን አሥራ አንድ ዓመት የበላው ይህ ፍርሃት ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ የመጨረሻውን ገጽ ነው ያሳዩን፤ የሰረዙትን አላየንም፤ እኛ ግን የመጀመሪያ ገጻችንን ከእሳቸው የመጨረሻ ገጽ ጋር እናስተያያለን።

በዚሁ አገር ግን ሌላም ልማድ አለ። የቅኔ ቤቱ። ቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፣ ከዚያ እየሰፋ እየሰፋ እስከ መወድስ። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል። ነገ ሌላ አዲስ ይቆጥራል፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነው። ያ ተማሪ መንፈስ እስኪወርድለት አይጠብቅም፣ የመንገሪያው ሰዓት ይደርሳል፣ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ካልሰላ ይታረማል እንጂ ቀርቶ አይቀርም። የየቀን ልክ ያለው፣ ሰዓት የተቆረጠለት፣ የሚሰማው ጆሮ ያለው ፈጠራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስንት መቶ ዓመት ስንሠራበት የኖርነው ነው። ያንን ትምህርት ከግጥም ወደ ልብ ወለድ ማሻገር ብቻ ነው የቀረን።

ለጣዕሙ ጥያቄ ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1865 ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በዕዳ ተይዞ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሞተው ወንድሙ ትቶት ያለፈው ዕዳ ነው ትከሻው ላይ የወደቀው። ስቴሎቭስኪ የሚባል አሳታሚ 3,000 ሩብል ሰጠውና አንድ ውል አስፈረመው፤ እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 ድረስ አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ፣ አሳታሚው ለዘጠኝ ዓመት ያህል የዶስቶየቭስኪን ሥራዎች አንድ ሳንቲም ሳይከፍል ያትማል። ዶስቶየቭስኪ በዚያ ጊዜ «ወንጀልና ቅጣት»ን በየወሩ ለመጽሔት ይጽፍ ነበር። ቀኑ ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ ኦክቶበር ገባ፤ ከአዲሱ ልብ ወለድ አንድ መስመር የለም። ወዳጆቹ ተሰብስበው፣ «ምዕራፍ ምዕራፉን ተካፍለን እንጻፍልህና ስምህን አድርግበት» አሉት። እንቢ አለ። ሌላ ሰው በጻፈው ላይ ስሜን አላኖርም አለ። እንግዲያው ቢያንስ በቃልህ እየተናገርክ የሚጽፍልህ ሰው ይኑር ብለው አንዲት ተማሪ አገኙለት፤ አና ስኒትኪና፣ የሃያ ዓመት ወጣት፣ አጭር ጽሕፈት ትምህርት ቤት ውስጥ የተማረች።

ኦክቶበር 4 ጀመሩ። አና በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ትመጣለች፣ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ እሱ ክፍሉን እየተመላለሰ ይናገራል፣ እሷ በምልክት ትጽፋለች። ማታ ቤቷ ገብታ ምልክቱን ወደ ንጹሕ ጽሑፍ ትገለብጣለች። በማግስቱ ገጾቹን ይዛ ትመጣለች፤ እሱም ያርማል። መጀመሪያ ላይ አይደርስም ብሎ ይጨነቅ ነበር። እሷ ገጽ መቁጠር ጀመረች። ዛሬ ይህን ያህል ደረስን፣ ይህን ያህል ቀረን እያለች ትነግረው ነበር፤ ገጹ ሲጨምር የሰውየውም መንፈስ ተነሣ። በ26 ቀን «ቁማርተኛው» አለቀ። ሊያስረክብ ሲሄድ አሳታሚው ሆን ብሎ ከከተማ ወጥቶ ነበር፤ ጸሐፊውም አልቀበልም አለ። ዶስቶየቭስኪ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ለባለሥልጣኑ አስረክቦ፣ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ በፌብሩዋሪ 1867 አናን አገባት።

ይህ መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። ለምን ጣዕም ኖረው? በ26 ቀን የተጻፈ ቢሆንም፣ የተጠነሰሰው ግን ከዓመታት በፊት ነው። ዶስቶየቭስኪ ራሱ በጀርመን የቁማር ቤቶች ገንዘቡን ያጣ ሰው ነበር፤ የታሪኩንም ሐሳብ በ1863 ለወዳጁ በደብዳቤ ገልጾታል። ጥንስሱ ነበረ፤ ኦክቶበር የጠመቃው ወር ሆነ። እናንተም ልባችሁ ውስጥ የተጠነሰሰ ነገር አለ። አሥር ዓመት ያመላለሳችሁት ሰውዬ አለ፣ ያልረሳችሁት ቤት አለ። ኅዳር ያንን ለማውጣት ይበቃል። ባዶ እንስራ ግን ኅዳርም አይሞላውም። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ጊዜ ለጥንስሱ ስጡት፤ ማን ናት ባለታሪኬ፣ ምን አጥታለች፣ ምን ትፈራለች እያላችሁ።

ሌላም ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። እያንዳንዱን ቃል የጻፈችው እጅ የአና እጅ ናት። ገጹን የቆጠረችው እሷ ናት። ካዙኦ ኢሺጉሮ የሚባለው፣ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የእንግሊዝ ደራሲም እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ታዋቂ መጽሐፉን በአራት ሳምንት እንዳረቀቀ ራሱ ተናግሯል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አራት ሰዓት ተኩል ይጽፍ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ለምሳ አንድ ሰዓት፣ ለእራት ሁለት ሰዓት ብቻ እያረፈ። ስልክ አያነሣም፣ ሰው አይቀበልም። በዚያ ወር ከቤት ሥራ የእሱ ድርሻ የነበረውን ባለቤቱ ሎርና ሠራችለት። ይህንን ሳነብ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ እኔ ስጽፍ ወጡን ማን ይሠራል?

እዚህ ያላችሁ ሴቶች ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አማርኛ ስንት ልብ ወለድ ያጣው ምድጃ ዳር እንደሆነ የሚቆጥር የለም። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ቀኑ የእኔ አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቤተሰቤን ቡና አፍልቼ አስቀመጥኳቸውና ጠየቅኋቸው። ለሠላሳ ቀን፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለውን ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። ባለቤቴ የልጆቹን ቁርስ ያዘ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አውርዳ በየቀኑ ምልክት የማድረጉን ሥራ ወሰደች። እናቴ ደግሞ ገጠር ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም። ምን እንደማደርግ በስልክ ሳስረዳት ትንሽ ዝም አለችና፣ «እንግዲያው እየደወልኩ እጠይቅሻለሁ» አለችኝ። በየማታው ደወለች። ሰላምታው አጭር ነው፤ ከዚያ «ስንት ደረስሽ?» ትለኛለች። አንድም ቀን ስለምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። ስንት ደረስሽ ብቻ። ስምንት ሺህ እላታለሁ። «በርቺ» ትለኛለች። አንድ ማታ ምንም ሳልጽፍ ውዬ ስልኩ ሲጠራ ላለማንሣት አሰብኩ። አነሣሁት። «ትናንት ካለሽኝ አልጨመረም?» አለች። «አልጨመረም፣ እማዬ» አልኳት። «ዝናብ የመታው እህልም ይታጨዳል» አለችኝና ዘጋች። ያን ዕለት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሣሁ።

ከሠላሳው ቀን ከባዱ ሁለተኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በአዲስነቱ ይገፋችኋል። በሁለተኛው ግን የጀመርነው ሰውዬ ሁሉ ቆሞ ያየናል፣ ወዴት እንደሚሄድ አናውቅም። የእኔ ባለታሪክ አንዲት ባልቴት ናት። ልጇ ሞቶባታል፤ ዕቃው ያለበትን ሣጥን አትከፍትም፣ ሣጥኑ ካለበት ክፍልም አትወጣም። ሦስት ሌሊት ሙሉ ልኬን ለመሙላት ብቻ ስለ ጣራው፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሣጥኑ ቁልፍ ጻፍኩ። ሴትየዋ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

አራተኛው ሌሊት ኅዳር 12 ላይ ዋለ። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነኝ፤ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ነው የምጽፈው፤ ጣቶቼ በብርዱ ደርቀዋል። ሊነጋ ሲል ጎረቤቶቻችን ግቢያቸውን ጠርገው ቆሻሻውን ማቃጠል ጀመሩ። ኅዳር ሲታጠን ታውቁታላችሁ። በ1911 ዓ.ም. ያን ሁሉ ሰው የፈጀው የኅዳር በሽታ ካለፈ ወዲህ ከተማው በዚህ ቀን ይታጠናል። ጭሱ በመስኮቱ ገባ፤ ዓይኔን አቃጠለኝ። መስኮቱን ልዘጋ ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ጭሱን በሴትየዋ መስኮት አስገባሁት። አሳላት። ተነሣች። ሦስት ሌሊት ያልተነሣች ሴት ተነሥታ ሣጥኑን ከነቁልፉ አንሥታ ደጅ አወጣችው፤ ከሰፈሩ ቆሻሻ ጋር ልታቃጥለው። እሳቱ ዳር ስትደርስ የሣጥኑ ማጠፊያ ተሰበረና ተከፈተ። ውስጡ ያለውን እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። እጄ ጻፈው፤ የአንድ እግር የኳስ ጫማ፣ ጭቃው ደርቆ የቀረበት። ሴትየዋ ጭቃውን በጥፍሯ ፈቀፈቀች። እሱን ብቻ ይዛ፣ የቀረውን እሳቱ ዳር ትታ ገባች። ያን ሌሊት 1,900 ቃል ጻፍኩ። ከመጽሐፉ ሁሉ እስካሁን አንድም ቃል ያልነካሁት ምዕራፍ እሱ ነው። ያንን ጫማ ጭንቅላቴ ውስጥ ሆኜ ባስብ ኖሮ አላገኘውም ነበር። ያገኘሁት ልክ ስለነበረብኝና ሦስት መጥፎ ሌሊቶችን ሳልቀድድ ስላሳለፍኩ ነው።

ከዚህ የተማርኩትን ሥራ በአጭሩ ላካፍላችሁ። በኅዳር ወር ምንም አትሰርዙ፣ ወደኋላ ተመልሳችሁም አታንብቡ። የአንድ ሰው ስም ከጠፋችሁ «እገሌ» ብላችሁ እለፉ፤ የአንድ አገር መንገድ ካላወቃችሁ ክፍት ቦታ ተዉለት። ስታቆሙ ሐሳቡ ሲያልቅ አታቁሙ፤ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እያወቃችሁት፣ ግማሹ ላይ ብዕሩን አስቀምጡ፤ ነገ የሚቀበላችሁ ነገር ይኖራል። በስልክ የምትጽፉ ከሆነ ጽሑፉን በየቀኑ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በነጋታው ሁለት ሺህ ለመጻፍ አትማሉ፤ ለአራት ቀን ሁለት ሁለት መቶ ሃምሳ ቃል ጨምሩበት።

ጊዜና ቦታ የለኝም ለምትሉ ነቢይ መኰንንን አስታውሱ። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣ ወረቀት ላይ ነው። ያች ወረቀት የምትይዘውን ያህል ጽፎ፣ ሌላ ወረቀት እስኪገኝ ይጠብቃል። የተጻፈውን ከእስር የሚወጡ ሰዎች እየደበቁ አወጡለት፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እሱን የፈጀበት አንድ ወር አይደለም፣ ሥራውም ትርጉም ነው። እኔ ግን የማስበው ያችን ወረቀትና እነዚያን ሰዎች ነው። ደብቀው ያወጡለት እስረኞች መስመር መስመሩን ይዘው ያጭዱ ነበር።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱም ልናገር፣ ብዙዎቻችሁ ታነሡታላችሁና። ዛሬ አንድ ወር ቀርቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ሺህ ቃል የሚያወጣ መሣሪያ ስልካችን ላይ አለ። የእኔ መልስ ዶስቶየቭስኪ ለወዳጆቹ የሰጠው ነው። ዕዳ አንገቱ ላይ ሆኖ፣ ሥራውን ሁሉ ሊነጠቅ አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ የእኔ ያልሆነ ምዕራፍ አልፈልግም አለ። አማርኛ የልብ ወለድን ስም ሲያወጣ ልብ የወለደው ብሎ ነው የሰየመው፤ ይህን ስም እወደዋለሁ። ሣጥኑን ደጅ ያወጣችው ባልቴት የተነሣችው የእኔን ዓይን ባቃጠለው ጭስ ነው።

ኅዳር 30 ማታ 30,412 ቃል ላይ ጨረስኩ። ልጄ የመጨረሻውን ምልክት አደረገች። ከዚያ ደብተሮቹን በነጠላ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባኋቸው፤ ታኅሣሥን ሙሉ አልነካኋቸውም። ጥር ከጥምቀት በኋላ አወጣሁና እንደ ሌላ ሰው ሥራ አነበብኳቸው። ብዙው አይሆንም። ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ጣልኩ፤ የአንድ ሰው ስም በመሐል ተቀይሮ አገኘሁ፤ አንድ ጎረቤት ሞቶ ተመልሶ ቡና ይጠጣል። ግን ከፊቴ ያለው ነገር መጀመሪያም መጨረሻም ነበረው። አሥራ አንድ ዓመት ያላገኘሁት ይህ ነው፤ የሚታረም ነገር። ኤሪን ሞርገንስተርን ለዓመታት ደጋግማ ጻፈችው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ባዶ ገጽ አይታረምም። እኔም እያረምኩ ነው፤ ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ ነኝ፣ የሚቀረኝም ብዙ ነው። ማተሚያ ቤቱ፣ የወረቀቱ ዋጋ፣ አሳታሚው፣ ይህ ሁሉ ሌላ ቀን የምንነጋገርበት ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደብተሮች አሉ፤ ባለ መቶ ቅጠል ናቸው፣ እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ነን የገዛናቸው። ከደብተሩ ጎን አንድ መዝገብ አለ። መጻፍ የምትፈልጉ ስማችሁንና ስልካችሁን አስፍሩ። ለራሳችሁ የምትቆርጡትን የቃል ልክም አስፍሩ፤ ሠላሳ ሺህ ይሁን፣ አሥራ አምስት ሺህ ይሁን፣ እናንተ ታውቃላችሁ። መጻፍ የማትፈልጉ ግን ልታግዙ የምትወዱ ደግሞ በሌላኛው ገጽ ላይ ተመዝገቡ። የሰው ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት የምትችሉ፣ አንዳንድ ቀን ከሰዓት ቤታችሁን ለሦስት ሰው ጸጥ አድርጋችሁ መስጠት የምትችሉ፣ ማታ ማታ ስልክ መደወል የምትችሉ ታስፈልጉናላችሁ። በየቅዳሜው እዚሁ አዳራሽ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እንገናኛለን፤ የጻፍነውን አናነብም፣ ተቀምጠን እንጽፋለን።

ኅዳር 1 ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኩሽናዬ ውስጥ ነኝ። እናቴም ዘንድሮ ሥራዋ ጨምሯል፤ መዝገቡ ላይ የምትሰፍሩትን ስልክ እንድልክላት ጠይቃኛለች። ማታ ከማታውቁት ቁጥር ስልክ ሲመጣ አንሡት። እሷ ናት። የምትጠይቃችሁን ታውቃላችሁ።